በለጋሽ ዘር ለመፀነስ ስንት ያስፈልጋል? ከብልቃጡ ዋጋ በፊት ያለው ሒሳብ

ጥያቄ፦ እኔ 36 ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ 44። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው። ከተጋባን አምስት ዓመት ቢሆነንም ልጅ ስላላገኘን ተመረመርን። በባለቤቴ የዘር ፈሳሽ ውስጥ አንድም የወንድ ዘር እንደሌለ ተነገረን፤ የለጋሽ ዘር እንድንጠቀምም መከሩን። በአንድ የዘር ባንክ ገጽ ላይ አንዱ ብልቃጥ 1,500 ዶላር ገደማ መሆኑን አየን። ያለን ቁጠባ 12,000 ዶላር ነው። ስንት ብልቃጥ እንግዛ? ሁሉም ነገር ተደምሮስ ስንት ይፈጅብናል? ባለቤቴ ደግሞ ቨርጂኒያ የሚኖረው የአጎቱ ልጅ ቢሰጠን ወጪው ይቀንሳል ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ በመጀመሪያ ያስተዋልኩት ባለቤትዎ ራሳቸው መፍትሔ እያሰቡ መሆናቸውን ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ይዛ የምትመጣው ሚስት ብቻዋን ናት። ባል ውጤቱን ከሰማበት ቀን ጀምሮ ዝም ይላል፤ ወደ ሐኪም ቤትም አይመለስም። እናንተ ግን እየተመካከራችሁ ነው፤ በዚህ ጎዳና ላይ ከገንዘብ በላይ የሚጠቅመው እርሱ ነው።

ወደ ሒሳቡ ልግባ። ብልቃጡ ከአንድ ሙከራ ወጪ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ጠቅላላውን ወጪ የሚወስነው ስንት ጊዜ መሞከር እንደሚያስፈልጋችሁ ነው፤ ያን ደግሞ የሚወስኑት የእርስዎ ዕድሜ፣ የማኅፀን ቱቦዎ ጤንነትና የኢንሹራንሳችሁ ዓይነት ናቸው። እነዚህን ሦስቱን ሳያውቁ የሚገዛ ብልቃጥ ውድ ብልቃጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ምንም አትግዙ። መጀመሪያ ጥቂት ገንዘብ ለማወቅ አውጡ፤ ከምታወጡት ሁሉ ብዙ የሚያተርፍላችሁ እርሱ ነው።

ከባለቤትዎ ልጀምር። ደብዳቤዎ የሚናገረው ስለ አንድ ምርመራ ብቻ ነው። በአንድ ምርመራ «ዘር የለም» ተብሎ አይደመደምም። ምርመራው በተለያየ ቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ መደረግ አለበት፤ ላብራቶሪውም ፈሳሹን በማሽን አሽከርክሮ ከሥር የዘቀጠውን በማይክሮስኮፕ መፈለግ ይኖርበታል። ጥቂት ዘሮች የሚገኙት አንዳንዴ እዚያ ነው። ሁለተኛውም ውጤት ባዶ ከሆነ ሐኪሞች አዙስፐርሚያ የሚሉት ሁኔታ ነው ማለት ነው። ይህ ከ100 ወንዶች በአንዱ ላይ የሚታይ፣ ከወንድነት አቅም ጋርም ምንም ግንኙነት የሌለው ሁኔታ ነው። ባለቤትዎ ይህን የመጨረሻውን ሐረግ ከሐኪም አፍ ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ለምን?» የሚለው ነው፤ መልሱም የወጪውን አቅጣጫ ይለውጠዋል። ዘሩ በዘር ፍሬው ውስጥ እየተመረተ መውጫው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ያደገ ወንድ ሲመጣ ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ነገሮች አሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ ታሞ ነበር ወይ፣ ጨብጥ ይዞት ያውቃል ወይ፣ በልጅነቱ የቡአ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል ወይ እያልኩ። እነዚህ ሁሉ ቱቦውን ሊዘጉ ይችላሉ። መውጫው ብቻ ከተዘጋ ዘሩን በመርፌ ወይም በትንሽ ቀዶ ሕክምና ከዘር ፍሬው ማውጣት በአብዛኛው ይሳካል፤ ከዚያም በአይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና ዘር ከማኅፀን ውጪ በላብራቶሪ በሚገናኙበት ሕክምና፣ አንዱን ዘር በአንዱ እንቁላል ውስጥ በማስገባት የራሳቸው ልጅ ሊወለድ ይችላል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም ላይ በሥራ ላይ ያለ ነው።

ችግሩ የምርት ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ፣ በሕፃንነት ወደ ቦታው ሳይወርድ የቀረ የዘር ፍሬ፣ የክሮሞሶም ልዩነት ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። ቢሆንም እንደዚህ ካሉት ወንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ በማይክሮስኮፕ በሚታገዝ ቀዶ ሕክምና ጥቂት ዘር ይገኛል። ቀዶ ሕክምናው ያለ ኢንሹራንስ ከ10,000 ዶላር ሊያልፍ ስለሚችል አስቀድሞ የደም ምርመራ ይደረጋል። «ዋይ» በተባለው ክሮሞሶም ላይ የተወሰኑ ክፍሎች ከጎደሉ ዘር እንደማይገኝ በምርመራው ብቻ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምናውን መተው ነው። ባለቤትዎ ለድካም ወይም ለጡንቻ ብለው ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪማቸው ሳይደብቁ ይንገሩ። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን የዘር ምርትን ያቆማል፤ መውሰዱ ሲቀር በብዙዎቹ ላይ ከወራት በኋላ ምርቱ ይመለሳል። ለዚህ ሰው የለጋሽ ዘር መሸጥ ግፍ ነው።

ስለዚህ ባለቤትዎን በወንዶች መካንነት ላይ ወደሚሠራ የዩሮሎጂ ሐኪም ይላኳቸው። የሆርሞንና የክሮሞሶም ምርመራዎቹን አብዛኛው ኢንሹራንስ ቢያንስ በከፊል ይሸፍናል፤ ባይሸፍን እንኳን ድምሩ በአብዛኛው ከአንድ ብልቃጥ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደ እርስዎ። «ችግሩ ከባሌ ነው» ተብሎ ሚስት ሳትመረመር የምትቀርበት ጊዜ አለ፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። ዘር በቀጭን ቱቦ ወደ ማኅፀን የሚገባበት ሕክምና፣ በተለምዶ አይ ዩ አይ የሚባለው፣ የሚሠራው ቢያንስ አንዱ የማኅፀን ቱቦ ክፍት ሲሆን ነው። ሁለቱም ቱቦዎች ተዘግተው ሦስት ብልቃጥ ብንጨምር ሦስቱም ከንቱ ናቸው። በሳንባ ነቀርሳ ወይም በቆየ የማኅፀን አካባቢ ኢንፌክሽን ሳይታወቅ የተዘጋ ቱቦ በአገራችን ሴቶች ላይ እንግዳ ነገር አይደለም። የቱቦ ራጁ ከጥቂት መቶዎች እስከ 1,000 ዶላር ገደማ ያስወጣል። ከዚሁ ጋር የእንቁላል ክምችትዎን የሚያሳየው ኤ ኤም ኤች የተባለው የደም ምርመራና የእንቁልጢ አልትራሳውንድ ይደረጉ። ክምችቱ አነስተኛ ከሆነ በአይ ዩ አይ ላይ ብዙ ወራት ማሳለፍ የለባችሁም።

ሌሎች ሁለት የደም ምርመራዎችም ለምርጫችሁ ይጠቅማሉ። አንደኛው ሲ ኤም ቪ ለተባለው ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ አንዴም ይዟት የማያውቅ ሴት ቫይረሱ ይዞት የማያውቅ ለጋሽ እንድትመርጥ ይመከራል፤ ይህም ምርጫዋን ያጠብባል። በአፍሪካ ያደግን ሰዎች ግን አብዛኞቻችን በልጅነታችን ይዞን ያለፈ ስለሆነ ውጤትዎ «ቀድሞ ይዞኛል» የሚል የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ያን ጊዜ በዚህ ምክንያት የሚቀነስ ለጋሽ አይኖርም። ሁለተኛው በዘር የሚተላለፉ በሽታዎች ተሸካሚ መሆንዎን የሚያሳየው ምርመራ ነው። ባንኮቹ ለጋሾችን ይመረምራሉ፤ ለጋሹ የአንድ በሽታ ተሸካሚ ቢሆን እንኳን እርስዎ የዚያው በሽታ ተሸካሚ ካልሆኑ ልጁ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ይህን ሳያውቁ የተገዛ ብልቃጥ በኋላ በሐኪሙ ሊከለከል ይችላል።

ምርመራዎቹ አልቀው የለጋሽ ዘር አስፈላጊ ሆነ እንበል። አንድ የአይ ዩ አይ ዙር ምን ምን ይዟል? ብልቃጡ በአሜሪካ ባንኮች ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። በናይትሮጅን በቀዘቀዘ ጋን ወደ ክሊኒኩ መላኪያው ከ200 እስከ 400 ዶላር ይደርሳል። ዘሩን ወደ ማኅፀን የማስገባቱ ሥራ ከ300 እስከ 1,000 ዶላር ነው። አልትራሳውንድና የደም ክትትል ከተጨመረ ሌላ 500 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል፤ እንቁላሉ የሚወጣበትን ሰዓት የሚወስነው መርፌም 100 ወይም 200 ዶላር ነው። ተደምሮ አንድ ዙር 3,000 ዶላር አካባቢ ይመጣል። ከዚህ ውጪ ብዙ ክሊኒኮች ከመጀመሪያው ዙር በፊት ሁለታችሁም ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር እንድትነጋገሩ ያስገድዳሉ፤ እርሱም ጥቂት መቶ ዶላር ያስከፍላል። ይህን ክፍያ እንደ ቅጣት የሚያዩ አሉ። እኔ ግን ከሁሉም ክፍያዎች ይልቅ ገንዘቡ የሚገባው ነው እላለሁ።

ቱቦዎ ክፍት ከሆነ በ36 ዓመት ዕድሜ በአንድ ዙር ፀንሶ የመውለድ ዕድልዎ ከ100 ከ10 እስከ 15 ነው። መሐሉን፣ 12ን እንውሰድ። ሦስት ዙር ብትሞክሩ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ ዕድል በ9,000 ዶላር አገኛችሁ ማለት ነው። በአራት ዙር ዕድሉ ወደ 40 ከ100 ይደርሳል፤ ወጪው 12,000። በስድስት ዙር ከግማሽ ጥቂት ያልፋል፤ ወጪው 18,000። ይህን በግልጽ የምጽፈው «አንድ ብልቃጥ፣ አንድ ልጅ» ብለው የሚመጡ ብዙዎች ስላሉ ነው። የመጀመሪያው ዙር ሳይሳካ ሲቀር የሚሰማቸው ሐዘን የሐሰት ተስፋ ያመጣው ነው፤ ሰውነታቸው ምንም አላጠፋም።

በዚህ ወጪ ላይ በጥንቃቄ ሊቀነስ የሚችል ነገር አለ። በአንድ ዙር ሁለት ብልቃጥ በተከታታይ ቀናት መጠቀም የብልቃጡን ወጪ እጥፍ ያደርጋል፤ የሚያስገኘው ጥቅም ግን ግልጽ ሆኖ አልታየም። ሰዓቱ በትክክል ከተያዘ አንድ ብልቃጥ ይበቃል። የወር አበባዎ ጊዜውን የሚጠብቅ ከሆነ ያለ መድኃኒት፣ ከፋርማሲ በሚገዛ የሽንት መመርመሪያ ብቻ ሰዓቱን መያዝ እንደሚቻል ሐኪምዎን ይጠይቁ። መድኃኒት መጨመር መንታ የመፀነስን ዕድል ይጨምራል፤ የመንታ እርግዝና ደግሞ ለእናትም ለልጆችም ከባድ ነው። ብልቃጥ ስትገዙ ታጥቦ ለማኅፀን የተዘጋጀውን ይጠይቁ፤ ያልታጠበው በዋጋ ቢቀንስም ክሊኒኩ ለማጠቢያ ያስከፍላል። ባንኩ በውሉ ላይ የሚንቀሳቀሱ ዘሮችን ቁጥር ያስቀምጣል። ብልቃጡ በቀለጠ ጊዜ ቁጥሩ ከውሉ በታች ከሆነ ገንዘብ ይመለሳል ወይም ሌላ ይተካል፤ ለዚህ ግን የላብራቶሪው ሪፖርት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ዙር ሪፖርቱን ጠይቀው ቅጂውን ይያዙ።

«ስንት እንግዛ?» ለሚለው መልስ ለመስጠት ስለ ለጋሾቹ ልናገር። የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆነ ለጋሽ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። በ2022 ዋሽንግተን ፖስት ባወጣው ዘገባ መሠረት በአሜሪካ ትልልቅ የዘር ባንኮች ውስጥ ከነበሩት ለጋሾች ጥቁሮቹ ከ100 ሁለት አይሞሉም ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የአበሻ መልክ ያለው ሲገኝ በቀናት ውስጥ ያልቃል። እዚያው ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ውስጥ ያለውን ጨምሮ ባንኮቹ በተጠባባቂነት ይመዘግባሉ፤ ስልክ ደውሎ የሚፈልጉትን መልክ መግለጽና የሠራተኛውን እርዳታ መጠየቅ ገጹን ብቻ ከማየት ይሻላል። ከሌላ የምሥራቅ አፍሪካ አገር የመጣ ወይም የእናቱና የአባቱ የዘር ሐረግ የተለያየ ለጋሽ የሚመርጡ ባልና ሚስትም አሉ። ይህ የእናንተ ውሳኔ ነው። ይሁን እንጂ ለመልክ ብለው ዓመት አይጠብቁ፤ በ36 እና በ38 መካከል የሚቀንሰውን ዕድል የትኛውም ባንክ አይመልስም።

ለጋሽ ብርቅ በመሆኑ «ከማለቁ በፊት ስድስት እንግዛ» የሚል ጭንቀት ይመጣል። እኔ የምመክረው ሦስት ነው፤ ሁለተኛ ልጅ ከዚያው ለጋሽ እንዲሆን አጥብቃችሁ ከፈለጋችሁ አራት። በአንድ ጊዜ ማስላክ የመላኪያውን ወጪ ይቆጥባል። ማስቀመጫ በዓመት ከ500 እስከ 1,000 ዶላር ሊደርስ ስለሚችል የመጀመሪያዎቹን ወራት በነፃ የሚያስቀምጥ ባንክ ካለ ይጠይቁ። አንዳንድ ባንኮች ወደ ክሊኒኩ ያልተላከ ብልቃጥን በግማሽ ዋጋ መልሰው ይገዛሉ፤ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ይህ ሐረግ መኖሩን ይመልከቱ። የቀዘቀዘ ዘር በዕድሜ አይበላሽም፤ ከ20 ዓመት በላይ በበረዶ ከቆየ ዘር የተወለዱ ልጆች አሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የምትኖሩበት ቦታ ሒሳባችሁን ሊገለብጠው ይችላል። የሜሪላንድ ሕግ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለአይ ቪ ኤፍ እንዲከፍሉ ያስገድዳል። ለአንድ ልጅ እስከ ሦስት ሙከራ ይሸፈናል፤ የዕድሜ ልክ ጣሪያው 100,000 ዶላር ነው። ሕጉ ለተጋቡ ሰዎች የባል ዘር እንዲሆን ይጠይቃል፤ ነገር ግን ባል የሚሠራ ዘር ማመንጨት የማይችል ከሆነና ይህም በፈቃዱ ባስደረገው የማምከን ቀዶ ሕክምና ምክንያት ካልሆነ የሌላ ሰው ዘር መጠቀም አይከለከልም። የወንድ ዘር ችግር ሕጉ ከሚቀበላቸው የመካንነት ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ የባለቤትዎ ሁለተኛ ምርመራ ለሕክምና ብቻ አይደለም፤ ለኢንሹራንሱም ዋና ሰነድ ነው። እርሱ በእጃችሁ ሳይኖር ማመልከት አትጀምሩ።

ሕጉ የማይነካቸው አሉ። ከ50 የማይበልጡ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት፣ የሃይማኖት ድርጅት ሆኖ ነፃ እንዲደረግ የጠየቀ ቀጣሪ፣ እንዲሁም ለሠራተኞቹ ሕክምና ከራሱ ካዝና የሚከፍል ትልቅ ድርጅት አይገደዱም። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያታልላል፤ ካርዱ ላይ የታወቀ የኢንሹራንስ ስም ስላለ ኩባንያው የሚከፍል ይመስላል፣ ገንዘቡ ግን የቀጣሪው ነው። ለሁለታችሁም የሰው ኃይል ክፍሎች ይህን አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ላኩ፦ «የጤና ፕላናችን ሴልፍ ፈንድድ (ቀጣሪው ከራሱ የሚከፍለው) ነው ወይስ ፉሊ ኢንሹርድ (የኢንሹራንስ ኩባንያው የሚከፍለው)? ፖሊሲውስ (የኢንሹራንስ ውሉ) የወጣው በየትኛው ግዛት ነው?» ዋናው ነገር ፖሊሲው የወጣበት ግዛት ነው፤ ባለቤትዎ የሚሠሩት ቨርጂኒያ ከሆነ የሜሪላንድ ሕግ ላያገኛቸው ይችላል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከሚሠራ ቀጣሪ የተገኘ ፖሊሲ ከሆነም ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ በዚያ የአይ ቪ ኤፍ ሽፋን ግዴታ ሆኗል። የአንዱ ፕላን ደካማ፣ የሌላው ጠንካራ ሆኖ ከተገኘ በዓመቱ የምዝገባ ጊዜ ሁለታችሁም ወደ ጠንካራው መግባት ትችላላችሁ። ይህ አንድ ቅጽ ከ20,000 ዶላር በላይ ሊያድናችሁ ይችላል።

ለምን ያን ያህል? አይ ቪ ኤፍ ያለ ኢንሹራንስ ከ15,000 እስከ 20,000 ዶላር፣ መድኃኒቱም ተጨማሪ ከ3,000 እስከ 7,000 ዶላር ነው። በእርስዎ ዕድሜ ከአንድ እንቁላል የማውጣት ዙር፣ የቀዘቀዙት ፅንሶችም ተቆጥረው፣ የመውለድ ዕድሉ ወደ 40 ከ100 ይጠጋል። ይኸውም ከአራት ዙር አይ ዩ አይ ጋር የሚተካከል ነው። ስለዚህ ከኪስ የምትከፍሉ ከሆነ በአይ ዩ አይ መጀመር ትክክል ነው፤ ኢንሹራንስ የሚከፍል ከሆነ ግን ስድስት ብልቃጥ ገዝቶ በአይ ዩ አይ መጨረስ ስሕተት ነው። አይ ቪ ኤፍ አንድ ብልቃጥ ብቻ ይፈልጋል፤ የዘሩ ቁጥር ዝቅተኛ የሆነውና ዋጋው የቀነሰው ዓይነት ይበቃዋል። ከአንዱ ብልቃጥ ብዙ እንቁላሎች ይዳብራሉ፤ የተረፉት ፅንሶች ለወንድም ወይም ለእህት ይቆያሉ። ብርቅ የሆነውን ለጋሽ በቁጠባ የሚጠቀም መንገድም ይኸው ነው። ሕጉ ቀድሞ ቀላሉ ሕክምና፣ በፖሊሲው ከተሸፈነ፣ እንዲሞከር ስለሚጠይቅ ኩባንያው ጥቂት ዙር አይ ዩ አይ ሊያዝዝ ይችላል። ዘሩን ራሱን ግን ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ እርሱን ከቁጠባችሁ አስቡት።

አሁን ወደ አጎት ልጅ። ሐሳቡን አልነቅፈውም። ልጁ የባለቤትዎን ቤተሰብ መልክ ይዞ እንዲወለድ መመኘት ጥልቅና የሚገባ ምኞት ነው። ወጪ ይቀንሳል የሚለው ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። ክሊኒኩ በፌዴራል የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደንብ መሠረት ሰውየውን ለኤች አይ ቪ፣ ለሁለቱ የጉበት ቫይረሶች፣ ለቂጥኝ፣ ለጨብጥና ለሌሎችም በተፈቀደ ላብራቶሪ ማስመርመር አለበት። የአካል ምርመራ፣ በዘር ለሚተላለፉ በሽታዎች ምርመራ፣ ማቀዝቀዣ፣ ለሁለቱም ወገን የሥነ ልቦና ምክር፣ ለሁለቱም ወገን የየራሳቸው ጠበቃ ይጨመራል። ከ3,000 እስከ 5,000 ዶላር በቀላሉ ይደርሳል። አንዳንድ ክሊኒኮች ዘሩ ስድስት ወር ተቀምጦ ምርመራው እንዲደገም ይፈልጋሉ። እውነት ነው፣ ብዙ ብልቃጥ ካስቀመጠ ከአራተኛው ሙከራ በኋላ ዋጋው ከባንክ ሊያንስ ይችላል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ይህ ሰው በየፋሲካው፣ በየሠርጉና በየልቅሶው ከልጁ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ሚስት ካለችው ሳታውቅ መሆን የለበትም። የሚጠይቁትም ባለቤትዎ እንጂ እርስዎ መሆን የለብዎትም፤ «እምቢ» ለማለትም በቂ ጊዜ ይሰጠው። ይሉኝታ ይዞት የሰጠ ሰው በኋላ የሚመልስበት መንገድ የለውም። ከእነዚህ አንዱ ካልተሟላ ከባንክ ይግዙ።

ወጪ ለመቀነስ ብሎ ክሊኒኩን ትቶ ቤት ውስጥ ማድረግን ደግሞ በፍጹም አልመክርም። ያልተመረመረ ዘር በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ የሕግ ጣጣውም ከባድ ነው። በካንሳስ በኢንተርኔት ማስታወቂያ ተገናኝቶ ያለ ሐኪም ዘር የሰጠ ሰው እ.ኤ.አ. በ2014 ሕጋዊ አባት ነህ ተብሎ የልጅ ቀለብ እንዲከፍል ተፈርዶበት ነበር፤ ውሳኔው በሌላ ፍርድ የተለወጠለት በ2016 ነው። በሜሪላንድ ሕግ በባል ፈቃድ በለጋሽ ዘር የተፀነሰ ልጅ የባልና የሚስት ሕጋዊ ልጅ ነው። የባለቤትዎ የጽሑፍ ፈቃድ ከሕክምናው በፊት ይፈረም፣ ቅጂውም ቤት ይቀመጥ።

12,000 ዶላሩን እኔ ብሆን እንዲህ እከፍለዋለሁ። እስከ 1,500 ለምርመራዎቹ። ኢንሹራንሱ አይ ቪ ኤፍ ከሸፈነ ሁለት ብልቃጥ እገዛና ቀሪውን ለመድኃኒትና ለራሳችሁ ድርሻ አስቀምጣለሁ። ካልሸፈነ ሦስት ብልቃጥ፣ ሦስት ዙር፤ ከዚያ ቆሞ ከሐኪሙ ጋር እንደገና መቁጠር። ዕቁብ የምትጥሉ ከሆነ ዕጣው የሚወጣበትን ወር ከዚያ ቀን ጋር ለማገናኘት ሞክሩ፤ በከፍተኛ ወለድ በክሬዲት ካርድ ከመክፈል ይሻላል። በመሥሪያ ቤታችሁ በኩል ከግብር በፊት ለሕክምና የሚቀመጥ ገንዘብ ካለ በምዝገባው ጊዜ ከፍተኛውን አስመዝግቡ፤ ለ2026 ኤፍ ኤስ ኤ የተባለው ዓይነት እስከ 3,400 ዶላር ይፈቅዳል፤ የዘሩን ግዢ መቀበሉን ግን ከአስተዳዳሪው ጠይቁ። የዓመቱ የሕክምና ወጪያችሁ ከገቢያችሁ 7.5 በመቶ ካለፈ ትርፉን ከግብር ማስቀነስ ስለሚቻል ደረሰኝ አትጣሉ።

ከአሜሪካ ውጪ ሆነው ይህን ለምታነቡ አንድ ቃል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በሳዑዲ ዓረቢያ የለጋሽ ዘር የተከለከለ ነው፤ እዚያ ሆናችሁ በድብቅ አትሞክሩት። በእስራኤል መንግሥት ለአይ ቪ ኤፍ እስከ ሁለት ልጅ ይከፍላል፤ ያላገቡ ሴቶችም ይካተታሉ። በስዊድን ያላገቡ ሴቶች እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ፣ በፈረንሳይ ደግሞ ከ2021 ሕግ ወዲህ ይህን ሕክምና ማግኘት ይችላሉ።

ለጋሽ ስትመርጡ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ማንነቱን ለመግለጽ የተስማማውን ዓይነት ምረጡ፤ በአንዳንድ ባንኮች ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም። ዛሬ በምራቅ የሚደረገው የዘር ሐረግ ምርመራ ምሥጢሩን በማንኛውም ቀን ሊያወጣው ይችላል፤ ኮሎራዶ ስሙን ፈጽሞ የማይገልጽ ለጋሽን ከ2025 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች። ልጁ ከእናንተ አፍ፣ በሕፃንነቱ፣ በቀላል ቃል ይስማው። ከንስሐ አባታችሁ ጋር መነጋገር ከፈለጋችሁም ከግዢው በፊት ይሁን፤ ክሊኒኩ የደረሰ ብልቃጥ አይመለስም።

የባለቤትዎን ሁለተኛ ምርመራ ሲያስደርጉ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ተቆጥበው ይሁን፤ ባለፉት ሦስት ወራት ኃይለኛ ትኩሳት ይዟቸው ከነበረም ለሐኪሙ ይንገሩ። ውጤቱንና የቱቦ ራጁን ይዛችሁ ከኢንሹራንሱ የጽሑፍ መልስ ጋር ብትጽፉልኝ ቀጣዩን ሒሳብ አብረን እንቆጥራለን።